ዶንግሉ ተሰክቷል፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም፦ ሞባይል ሞደምን ሊኑክስ ላይ ማስነሳት

ላፕቶፓችሁ ላይ ኡቡንቱ ወይም ሚንት (የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) ጭናችኋል። ዶንግሉን (ሲም የሚገባበትን የዩኤስቢ ሞደም) ትሰካላችሁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ግን ኔትወርክ ሳይሆን የሲዲ ምስል ነው። ስትከፍቱት ውስጡ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ተቀምጧል። ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ያውቃል የሚባለውን ልጅ ስትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «ሊኑክስ ለዚህ ድራይቨር የለውም፣ ዊንዶውስ አስጭኑ።»

አትቸኩሉ። ድራይቨር ማለት ሲስተሙ ዕቃውን የሚያናግርበት ሶፍትዌር ነው። እኔ ካየኋቸው ዶንግሎች ውስጥ በእውነት ድራይቨር የጎደላቸው በጣት ይቆጠራሉ። የሁዋዌና የዜድቲኢ ዶንግሎች ድራይቨር ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አብሮ ይመጣል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ወይ ዶንግሉ «እኔ ሲዲ ነኝ» ብሎ እዚያው ቀርቷል፣ ወይ ኮረንቲ አንሶታል፣ ወይ ሲሙ ፒን ይጠይቃል፣ ወይ ኤፒኤን (የኦፕሬተሩ ኢንተርኔት መግቢያ ስም) አልተሞላም። ከውጭ ሲታዩ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ኢንተርኔት የለም፣ በቃ።

ስለዚህ ፍለጋው ከታች ይጀምራል። ቤት ውስጥ ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ቆጣሪው ጋ ያለው መዝጊያ ነው እንጂ የሻወሩ ራስ አይፈታም። እዚህም ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ኮረንቲ፣ መታወቂያ፣ ሞድ፣ ድራይቨር፣ ሲም፣ ኔትወርክ፣ ኤፒኤን። አንዱ ሳያልፍ ቀጣዩን ከነካካችሁ በኋላ የቱ እንደተበላሸ ራሳችሁም አታውቁትም።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ነገር። ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው በስልክ ነው። የደወለው ሰው ኢንተርኔት ስለሌለው ጽፌ ልልክለት አልችልም፤ ፊደል በፊደል አስነብበዋለሁ። እዚህም እንደዚያው በአጠራራቸው ጽፌአቸዋለሁ። እናንተ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። ካፒታል ካላልኩ ሁሉም ትንሽ ፊደል ነው። ክፍት ቦታውና ምልክቱ እንደምታዩት ነው። ሱዶ («በአስተዳዳሪ ፈቃድ ሥራ» እንደማለት ነው) ያለበት ትእዛዝ የይለፍ ቃላችሁን ይጠይቃል። ስትጽፉት ምንም አይታይም፤ ኪቦርዱ አልተበላሸም።

ለጊዜው ኢንተርኔት ፈልጉ

ሞደሙን ለማስነሳት የሚያስፈልጉት ፓኬጆች የሚመጡት ከኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ደግሞ በሞደሙ ነው። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣችሁ ስልካችሁ ነው። አንድሮይድ ስልክ በገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰኩና ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግን አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን ወዲያው እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል። ምርጫው አልከፈት ካለ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሞክሩ።

ከዚያ እነዚህን ጫኑ፦

«ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል ዩኤስቢ-ሞድስዊች ሞደምማናጀር ሚኒኮም»

የመጀመሪያው ዶንግሉን ከሲዲ ወደ ሞደም ይቀይራል፣ ሁለተኛው ሞደሙን ያስተዳድራል፣ ሦስተኛው ከሞደሙ ጋር በቀጥታ መነጋገሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀድሞውኑ ተጭነው ታገኟቸዋላችሁ። ልብ በሉ፣ የዩኤስቢ-ሞድስዊች ፓኬጅ ሲጫን ስሙ መሀል ላይ የመቀነስ ምልክት አለው። ትእዛዙን ስትጠሩ ግን በዚያ ቦታ የምትገባው የታችኛዋ ሰረዝ ናት። ስንት ሰው እዚህች ላይ «አልተጫነም» ብሎ ተስፋ ቆርጧል።

ደረጃ 1፦ ኮረንቲው ደርሶታል?

ዶንግሉን ንቀሉ። ተርሚናል ክፈቱና ይህን ጻፉ፦

«ሱዶ ዲኤምኢኤስጂ -ደብልዩ»

ፊደሎቹ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ናቸው። ይህ ከርነሉ የሚናገረውን እየተከተለ ያሳያችኋል። አሁን ዶንግሉን ሰኩ። አዲስ የዩኤስቢ ዕቃ መገኘቱን የሚናገሩ መስመሮች ወዲያው መውረድ አለባቸው። ምንም ካልወረደ ስለ ድራይቨር ማውራቱ ገና ነው። ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ፣ ሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ።

መስመር ወርዶ መጨረሻው ላይ «ኤረር -71» ወይም «ኤረር -110» ካለ ንግግራቸው መሀል ላይ እየተቋረጠ ነው። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ገመድ፣ የላላ ቀዳዳ ወይም የኮረንቲ ማነስ ነው። መደበኛ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው። ዩኤስቢ 3 (አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው) እስከ 900 ይሰጣል። ዶንግል ደግሞ ብዙ የሚበላው ሲሰካ ሳይሆን ሲያስተላልፍ ነው። ታወሩ ሩቅ ሲሆን ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ የሚስበውም ኮረንቲ አብሮ ይጨምራል።

ለዚህ ነው አንድ የተለመደ ግራ የሚያጋባ ነገር የሚፈጠረው። ዶንግሉ ይታያል፣ ሲሙን ያነባል፣ ኮኔክት ስትሉት ግን ድንገት ይጠፋል። ተርሚናሉ ላይ «ዲስኮኔክት» የሚል መስመር ይወርዳል፣ ከሰከንዶች በኋላ እንደገና እንደ አዲስ ይታያል። ይህን ካያችሁ ሶፍትዌሩን ተዉት። የራሱ ኮረንቲ የሌለውን የዩኤስቢ ማከፋፈያ አውጡ። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ካለም አውጡ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ሰኩ። አንዴ ሙሉ ቅዳሜዬን ከርነል በመቀያየር ያሳለፍኩበት ዶንግል መድኃኒቱ ከኋላ መሰካት ሆኖ ተገኝቷል። እስካሁን ያናድደኛል።

ደረጃ 2፦ ማን ነኝ ይላል?

«ኤልኤስዩኤስቢ»

ኤል፣ ኤስ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ። የተሰኩት ዕቃዎች በዝርዝር ይወጣሉ። እያንዳንዱ መስመር ላይ በሁለት ነጥብ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው የአምራቹ ነው፣ ሁለተኛው የዕቃው። 12ዲ1 ካለ ሁዋዌ ነው። 19ዲ2 ዜድቲኢ ነው። 1199 ሴራ ዋየርለስ፣ 2ሲ7ሲ ደግሞ ኩዌክቴል ነው፤ ሁለቱ በአብዛኛው ላፕቶፕ ውስጥ ተገጥመው የሚመጡ ናቸው።

ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። ዶንግሉ ላይ በትልቁ የታተመው ስም ብዙም አይጠቅማችሁም። አንድ ስም የተጻፈባቸው ሁለት ዶንግሎች ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚያምነው ቁጥሩን ነው።

ደረጃ 3፦ ሲዲ ነው ወይስ ሞደም?

ዋናው ቋጠሮ እዚህ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

አምራቾቹ የዊንዶውስ ሶፍትዌሩን በሲዲ ለብቻው ከማሸግ ዶንግሉ ውስጥ ከተቱት። ዶንግሉ ሲሰካ መጀመሪያ የሲዲ ማጫወቻ መስሎ ይቀርባል። ዊንዶውስ ሶፍትዌሩን ከዚያ ይጭናል። ከተጫነ በኋላ ያ ሶፍትዌር ለዶንግሉ ምስጢራዊ መልእክት ይልካል። ዶንግሉ ራሱን ነቅሎ እንደገና እንደሰካ ሆኖ ይመጣል፣ አሁን ግን ሞደም ሆኖ። ሁለተኛው ቁጥርም አብሮ ይቀየራል። ሊኑክስ ላይ ያንን መልእክት የሚልከው ዩኤስቢ-ሞድስዊች ነው። እሱ ከሌለ ወይም ዶንግሉን ካላወቀው ዶንግሉ ዕድሜ ልኩን ሲዲ ሆኖ ይቀራል።

ሁዋዌ ላይ ሁለተኛው ቁጥር 1446 ወይም 1ኤፍ01 ከሆነ ገና ሲዲ ነው። ዜድቲኢ ላይ 2000 ከሆነ ገና ሲዲ ነው። ሁዋዌው 1001 ወይም 1506፣ ዜድቲኢው ደግሞ 0031 ሲል ካያችሁ ተቀይሯል፤ ወደ ደረጃ 4 ሂዱ። ሁዋዌው 14ዲቢ ወይም 14ዲሲ ካለ ግን ቁጭ በሉ፣ ዝቅ ብዬ ስለ እሱ ለብቻው አወራለሁ።

ሲዲ ሆኖ ከቀረ መጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። ቅያሬው ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ቀላሉን ሞክሩ፦ ፋይል ማናጀሩ ላይ የሚታየውን ሲዲ በቀኝ ክሊክ ኢጀክት በሉት። ብዙ የዜድቲኢ ዶንግሎች በዚህች ብቻ ይነሳሉ። እምቢ ካለ በእጅ ይላካል። ለአዳዲስ የሁዋዌ ዶንግሎች፦

«ሱዶ ዩኤስቢ_ሞድስዊች -ጄ -ቪ 12ዲ1 -ፒ 1ኤፍ01»

ጄዋ ካፒታል ናት። ሌሎቹ ትንሽ ናቸው። መጨረሻ ላይ የሚገባው እናንተ ወረቀት ላይ የጻፋችሁት ቁጥር ነው፤ የእኔን አትቅዱ። የጥንቶቹ ሁዋዌዎች በጄ ፋንታ ካፒታል ኤች ይፈልጋሉ። ለዜድቲኢ ካፒታል ኬ ይሞከራል፤ እሷ የተለመደውን የኢጀክት ትእዛዝ ትልካለች፦

«ሱዶ ዩኤስቢ_ሞድስዊች -ኬ -ቪ 19ዲ2 -ፒ 2000»

ኤልኤስዩኤስቢን ድገሙት። ቁጥሩ ከተቀየረ ቋጠሮው ተፈትቷል።

በእጅ ሲላክ ተቀይሮ በራሱ ጊዜ ግን የማይቀየር ከሆነ ይህን ፋይል ክፈቱ፦ «/ኢቲሲ/ዩኤስቢ_ሞድስዊች.ኮንፍ»። እዚያ ውስጥ ዲሴብልስዊቺንግ የሚል መስመር አለ። እኩል ይሆናል ምልክቱ ፊት ያለው 1 ከሆነ አንድ ሰው ቅያሬውን ዘግቶታል ማለት ነው፤ 0 አድርጉት። ከሥሩ ኢኔብልሎጊንግ የሚለውን 1 ካደረጋችሁት ደግሞ ዶንግሉ በተሰካ ቁጥር ምን እንደሞከረ መዝገብ ይጽፋል። ዶንግሉ አዲስ ሞዴል ከሆነ የዳታ ፓኬጁን (ስሙ መጨረሻ ላይ -ዳታ የሚጨመርበትን) ወደ አዲሱ አሳድጉ። የዶንግሎቹ ዝርዝር ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ሲዲውን ለዘለቄታው የሚያጠፉ የኤቲ ትእዛዞችም (ሞደሙ ራሱ የሚሰማቸው ትእዛዞች) አሉ። ሌላ መንገድ ካላጣችሁ በቀር አልመክራችሁም። ዶንግሉ ውስጥ ነው የሚጻፉት፣ ከሞዴል ሞዴል ይለያያሉ። የተሳሳተ ከጻፋችሁ ዊንዶውስ ላይም የማይነሳ ዶንግል ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

14ዲሲ ወይም 14ዲቢ ካላችሁ

እንኳን ደስ አላችሁ፣ ሞደም የላችሁም። እጃችሁ ላይ ያለው ትንሽ ራውተር ነው። ሁዋዌ ሃይሊንክ ይለዋል። ይህ ዓይነቱ ዶንግል ሲሙን ራሱ ያስተዳድራል፣ ራሱ ይደውላል፤ ለኮምፒውተሩ የሚታየው እንደ ተራ የኔትወርክ ገመድ ነው። ሞደምማናጀር አያየውም፣ እናንተም እዚያ አትፈልጉት። ብሮውዘር ክፈቱና 192.168.8.1 ብላችሁ ግቡ። አንዳንድ ቀደም ያሉት 192.168.1.1 ላይ ናቸው። ፒኑም፣ ኤፒኤኑም፣ የሲግናሉም ሁኔታ እዚያ ገጽ ላይ ነው።

ገጹ ካልተከፈተ ኤልኤስዩኤስቢ ላይ -ቲ ጨምራችሁ ድራይቨሩ ሲዲሲ_ኢተር መሆኑን እዩ። ከሆነ የኔትወርክ ምልክቱ ላይ ገብታችሁ የገመድ ግንኙነቱን አብሩት። አለቀ። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር እናንተን አይመለከትም።

ደረጃ 4፦ ድራይቨሩ ያዘው?

«ኤልኤስዩኤስቢ -ቲ»

አሁን ዝርዝሩ እንደ ዛፍ ይወጣል። በዶንግሉ ሥር ብዙ ቅርንጫፎች አሉ፤ አንዱ ዶንግል ውስጥ በርካታ ክፍሎች ስላሉ ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ የያዘው ድራይቨር ስም ይነበባል። «ኦፕሽን» ካለ የቆየው ዓይነት ነው፤ ዶንግሉ እንደ ስልክ መስመር ይታያል፣ ቲቲዋይዩኤስቢ0፣ 1፣ 2 የሚባሉ ፖርቶች ይፈጠራሉ። «ኪውኤምአይ_ደብልዩዋን» እና «ሲዲሲ_ኤምቢም» ፈጣኖቹና አዳዲሶቹ ናቸው። «ሁዋዌ_ሲዲሲ_ኤንሲኤም» የሁዋዌ መሆኑን ስሙ ይናገራል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ «ዩኤስቢ-ስቶሬጅ» ማየት ችግር የለውም፤ የሜሞሪ ካርድ ቦታው ነው። ሁሉም ስቶሬጅ ከሆኑ ግን ደረጃ 3 አላለቀም፤ ተመለሱ።

የድራይቨሩ ቦታ ባዶ ከሆነ በእጅ እንጥራው፦

«ሱዶ ሞድፕሮብ ኦፕሽን»

መልስ ሳይሰጥ ዝም ካለ ተሳክቷል። ሊኑክስ ነገር ሲሳካለት አያወራም። «ሞጁሉ አልተገኘም» ካለ (ሞጁል የሚለው ድራይቨሩን ነው) ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ከርነሉ በአፕዴት ተቀይሮ ኮምፒውተሩ ሪስታርት አልተደረገም። አድርጉት። ሁለተኛው ኡቡንቱ ላይ የሚያጋጥም ነው። ድራይቨሮቹ ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ የሚባል ፓኬጅ ውስጥ ናቸው፣ በተራቆተ አጫጫን ላይ ያ ፓኬጅ ላይኖር ይችላል። «ዩኔም -አር» ብላችሁ የምታገኙትን የከርነል ቁጥር ከፓኬጁ ስም ቀጥሎ በመቀነስ ምልክት አያይዛችሁ ጫኑት።

ሞጁሉ ተጭኖም ዶንግሉን ካልያዘው ድራይቨሩ ያንን ቁጥር አያውቀውም ማለት ነው። በጣት የሚቆጠሩ ያልኳችሁ እነዚህን ነው። ለዚህም መላ አለ፤ ቁጥሩን እኛው እንነግረዋለን፦

«ኤኮ 19ዲ2 0031 | ሱዶ ቲ /ሲስ/በስ/ዩኤስቢ-ሲሪያል/ድራይቨርስ/ኦፕሽን1/ኒው_አይዲ»

እዚህ ጋ አጻጻፉ ያሳስታል። «ሲስ» ኤስ፣ ዋይ፣ ኤስ ነው። «ቲ» የምትለዋ ቲ፣ ኢ፣ ኢ ናት። ቁጥሮቹ መሀል ሁለት ነጥብ የለም፣ ክፍት ቦታ ነው። ቀጥ ያለችው መስመር የግራውን ውጤት ለቀኙ ታቀብላለች። በቀስት ምልክት መጻፍ የለመዳችሁ ካላችሁ እዚህ አይሠራላችሁም። ሱዶ ኤኮን ብቻ ነው የሚያጅበው፤ ፋይሉን የሚከፍተው ግን ፈቃድ የሌለው የእናንተው ተርሚናል ነው።

ይህ መላ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሌላም ጣጣ አለው፦ ኦፕሽን ያገኘውን ባዶ ቅርንጫፍ ሁሉ ይይዛል፤ ለኪውኤምአይ የሚገባውን ክፍልም ሊቀማ ይችላል። ስለዚህ መፈተሻ አድርጉት። ከሠራ ቁጥሩን ለከርነል ሰዎች ማሳወቅ ነው፤ በቀጣይ ከርነል ለሁሉም ይገባል።

የዶንግሉ ሲዲ ውስጥ «ሊኑክስ» የሚል ፎልደር ብታዩ አትነኩት። ውስጡ ያለው መጫኛ ብዙ ጊዜ ለጥንት ከርነሎች የተጻፈ ነው፤ በሱዶ አስነስታችሁት ጤነኛውን ነገር ሲያበላሽ ማራገፊያ ታጣላችሁ።

ደረጃ 5፦ ሞደምማናጀር ያየዋል?

«ኤምኤምሲኤልአይ -ኤል»

ኤም፣ ኤም፣ ሲ፣ ኤል፣ አይ፤ የመጨረሻዋ ኤል ካፒታል ናት። ዶንግሉን ከሰካችሁ በኋላ ሰላሳ ሰከንድ ስጡት፤ ሞደምማናጀር እያንዳንዱን ፖርት እያንኳኳ ይጠይቃል። ከተሳካ የሞደሙ ስምና መጨረሻው ላይ ቁጥር ያለው መስመር ይመጣል። ያቺን ቁጥር ያዙ። ዶንግሉ ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር ትጨምራለች፤ ቅድም 0 የነበረው አሁን 1 ነው። «ሞደም 0 የለም» የሚል ስህተት ሲመጣ ከመደንገጥ በፊት ዝርዝሩን እንደገና እዩ።

ምንም ሞደም ካልተገኘ ከዶንግሉ ጋር በቀጥታ እናውራ። ሚኒኮምና ሞደምማናጀር አንድ ፖርት ላይ ከተገናኙ ይጣላሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አስቁሙት፦

«ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ሞደምማናጀር»

እዚህ ላይ የሞደምማናጀር ሁለቱ ኤሞች ካፒታል ናቸው። ቀጥሎ፦

«ሱዶ ሚኒኮም -ዲ /ዴቭ/ቲቲዋይዩኤስቢ0»

ዲዋ ካፒታል፣ ዩኤስቢውም በካፒታል። ኤቲ ብላችሁ ኢንተር ምቱ። ኦኬ ብሎ ከመለሰ ድራይቨሩ ጤነኛ ነው። ዝም ካለ በ1ና በ2 ሞክሩ፤ ሁሉም ፖርት ኤቲ አይሰማም። ኤቲ+ሲኤስኪው ብትሉት የሲግናሉን ጥንካሬ ከ0 እስከ 31 ይነግራችኋል። ከ10 በታች ደካማ ነው። 99 ማለት ጭራሽ አላወቀም። ስትጨርሱ ሞደምማናጀርን በስታርት መልሳችሁ አስነሱት። ይህን ረስቶ ሌላ ሰዓት ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ።

ደረጃ 6፦ ሲሙ ምን ይላል?

«ኤምኤምሲኤልአይ -ኤም 0»

ረጅም ሰንጠረዥ ይወጣል። የምትፈልጉት «ስቴት» የሚለውን መስመር ነው። ተቆልፏል ካለ ፒን ይፈልጋል። ግራፊክ መስኮት ካልጠየቃችሁ እንዲህ ይሰጣል፦ «ኤምኤምሲኤልአይ -አይ 0 --ፒን=» ብላችሁ ቁጥሩን ታስከትላላችሁ። መገመት የለም! ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ፒዩኬ (የተቆለፈ ሲም መክፈቻ ኮድ) ይጠይቃል። በጣም ቀላሉ ሲሙን ስልክ ውስጥ ከታችሁ የፒን ጥያቄውን ጨርሶ ማጥፋት ነው።

ሲም የለም ካለ አውጥታችሁ የወርቅ ቀለም ያለውን ገጽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ትንሽዬ ሲም በማስተካከያ ፍሬም ያስገባችሁ ከሆነ ፍሬሙ ውስጥ መንሸራተቱ የተለመደ ነው። ሲሙ ስልክ ላይ እየሠራ ዶንግሉ ላይ የኔትወርክ መቆለፊያ ኮድ ከተጠየቃችሁ ዶንግሉ ለሌላ ኦፕሬተር የተቆለፈ ነው። ይህ ከሊኑክስ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ዊንዶውስ ላይም ያው ነው። ከውጭ አገር የመጣ ዶንግል ስትገዙ ሻጩ ፊት የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ፈትሹ።

ስቴቱ «ዲሴብልድ» ላይ ከቆመ ሬዲዮው መዘጋቱን እዩ፦

«ኤንኤምሲኤልአይ ሬዲዮ ደብልዩዋን ኦን»

ሁሉ ነገር ሲስተካከል «ሬጂስተርድ» ይላል፣ የኦፕሬተሩም ኮድ ይታያል። 63601 ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ 63602 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ። እዚህ ከደረሳችሁ ድራይቨሩን እርሱት፤ የቀረው የወረቀት ሥራ ነው።

ደረጃ 7፦ ኤፒኤንና መስመሩ

ኔትወርክ ምልክቱ ላይ ገብታችሁ የሞባይል ብሮድባንድ ግንኙነት ፍጠሩ፤ ጠያቂው መስኮት አገር፣ ኦፕሬተርና ኤፒኤን ያስመርጣችኋል። ለኢትዮ ቴሌኮም ኤፒኤኑ ኢቲሲ.ኮም ነው፤ ኢ፣ ቲ፣ ሲ፣ ነጥብ፣ ኮም። የመጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃል ባዶ ይተዉ። የሚደወል ቁጥር ከጠየቀ *99# ነው። ለሌላ ኦፕሬተር ሲሙን ስልክ ውስጥ አስገብታችሁ ስልኩ በራሱ የሞላውን ኤፒኤን ከሴቲንጉ ገልብጡ። ከወሬ የሰማችሁትን ከመሞከር ይሻላል።

ተርሚናሉን የምትመርጡ ከሆነ፦

«ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን አድ ታይፕ ጂኤስኤም አይኤፍኔም '*' ኮን-ኔም ዶንግል ኤፒኤን ኢቲሲ.ኮም»

ኮከቧ በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ መሀል ትግባ። ከዚያ «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን አፕ ዶንግል»።

ተገናኝቷል እያለ ገጽ የማይከፍት ከሆነ በ8.8.8.8 ላይ ፒንግ አድርጉ። ቁጥሩ መልስ እየሰጠ ስም ያላቸው ገጾች ካልከፈቱ ችግሩ ዲኤንኤስ (የገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት) ነው። ቁጥሩም ዝም ካለ ዋይፋይ በርቶ እንደሆነ እዩ። ዋይፋዩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ኔትወርክማናጀር (ግንኙነቶቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ከሞደም አስቀድሞ እሱን ሊመርጥ ይችላል። ዋይፋይ 600፣ ሞደም 700 የሚል ቅድሚያ አላቸው፤ ትንሹ ያሸንፋል። ዋይፋዩን አጥፉና ሞክሩ።

ዋይፋዩም ከጠፋ የቀረው ሒሳቡ ነው። አትሳቁ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ፓኬጅ ያለቀበት ሲም ሆኖ ያውቃል። የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ሲሙን ሳታወጡ መጠየቅ ይቻላል፦

«ኤምኤምሲኤልአይ -ኤም 0 --3ጂፒፒ-ዩኤስኤስዲ-ኢኒሺዬት="*804#"»

መስመሩ ከተነሳ በኋላ አፕዴት ፓኬጁን ሳይጨርሰው ይህን ጨምሩ፦

«ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ ዶንግል ኮኔክሽን.ሚተርድ የስ»

ይህ መስመሩ በሜጋባይት የሚከፈልበት መሆኑን ለሲስተሙ ይነግረዋል። ኡቡንቱ ላይ ስናፕ (ሌላው የፕሮግራም መጫኛ) ለብቻው ነው የሚሄደው፤ እሱንም «ሱዶ ስናፕ ሴት ሲስተም ሪፍሬሽ.ሚተርድ=ሆልድ» በሉት።

ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ ዶንግሉ ከጠፋ

ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ዶንግሉ ከቀዘቀዘ መጀመሪያ ሞደምማናጀርን በሪስታርት አስነሱት። ካልበቃ የዩኤስቢ ኮረንቲ ቁጠባው ነው የሚያስተኛው። ቲኤልፒ የሚባለውን የባትሪ መቆጠቢያ ከጫናችሁ የዶንግሉን ቁጥር ዩኤስቢ_ዲናይሊስት የሚለው መስመር ላይ አስገቡ። ለሁሉም ዩኤስቢ ቁጠባውን መዝጋትም ይቻላል፣ የከርነል መነሻ መስመር ላይ «ዩኤስቢኮር.አውቶሰስፔንድ=-1» ተብሎ ይገባል። ባትሪውን ትንሽ ይበላል።

ላፕቶፑ ውስጥ የተገጠመ ሞደም

ያገለገሉ ቲንክፓዶችና መሰሎቻቸው ውስጥ አንዳንዴ ሲም ማስገቢያ ታገኛላችሁ። ሞደሙ ይታያል፣ ድራይቨሩ ይይዘዋል፣ ግን አልበራም ይላል። ሰንጠረዡ ላይ የኃይሉ ሁኔታ «ሎው» እንደሆነ ይቀራል። ይህ ብልሽት አይደለም። በአሜሪካ የኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ምክንያት አምራቾቹ ሬዲዮውን ከላፕቶፑ ጋር እስኪተዋወቅ ይቆልፉታል። ሞደምማናጀር ቀድሞ በራሱ ይከፍተው ነበር፤ ከ1.18.4 ወዲህ ግን ፈቃዱን ከባለቤቱ ይጠብቃል። መክፈቻ ፋይሎቹ ተጭነዋል፣ ቦታቸው «/ዩኤስአር/ሼር/ሞደምማናጀር/ኤፍሲሲ-አንሎክ.አቬይለብል.ዲ» ነው። ከእነሱ ውስጥ የሞደማችሁን ቁጥር የያዘውን ፈልጉና በ«ኤልኤን -ኤስ» ወደ «/ኢቲሲ/ሞደምማናጀር/ኤፍሲሲ-አንሎክ.ዲ» አገናኙት። የሞደምማናጀር ሁለቱ ኤሞች እዚህም ካፒታል ናቸው። ሞደምማናጀርን ሪስታርት አድርጉ። ቁጥራችሁ ከሌለ ሌሎቹን አትሞክሩ፤ የተጻፉት ለየራሳቸው ሞደም ነው።

ሰው ስትጠይቁ

አሁንም እምቢ ካለ ለምታውቁት ሰው «አይሠራም» ብላችሁ አትደውሉ። የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ንገሩት። የኤልኤስዩኤስቢን፣ የኤልኤስዩኤስቢ -ቲን፣ የዲኤምኢኤስጂን የመጨረሻ ሠላሳ መስመርና የኤምኤምሲኤልአይ -ኤምን ሰንጠረዥ አዘጋጁ። ሰንጠረዡ ላይ የዶንግሉ አይኤምኢአይ (መለያ ቁጥሩ) እና የሲሙ ቁጥር ስላሉ ፎቶ አንስታችሁ ስትልኩ በጣታችሁ ሸፍኗቸው።

እኔ ቤት ያሉት ዶንግሎች ክዳናቸው ላይ ትንሽ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ሲዲ ሲሆን ያለው ቁጥር፣ ሞደም ሲሆን ያለው ቁጥር፣ የሠራችው ፊደል (ጄ ናት ወይስ ኬ) እና ኤቲ የሰማው ፖርት ተጽፏል።